የጀማሪ ሕግ ባለሙያ የሙያ ዕድገት በለቅሶ ድንኳን፦ የቤቴል ምልከታ

የሙያ ትውውቅ የሚባለው ነገር ቦሌ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ቢዝነስ ካርድ እየተለዋወጡ እንደሚከናወን በሰፊው ይታመናል። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቤቴል የተደረገው ይህ ምልከታ ግን ዋናው ሥራ የሚሠራው እድር ድንኳን ውስጥ መሆኑን ያሳያል። ናሙናው የተመረጠው በዘፈቀደ ነው፤ ዝናብ ሲጥል ድንኳኑ ሥር የተገኘ ሁሉ ተካቷል።

ተጠኚው አምስት ዓመት ሕግ ተምሯል። የመውጫ ፈተናም አልፏል፤ ይህ ፈተና ሌላው ተማሪ ጋ ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት በሕግ ተማሪ ላይ የተሞከረ ነው። ከዚያ እናቱ ቤት ተመልሷል። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት የጥብቅና ፈቃድ የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ልምድ ቀጣሪ ይፈልጋል፤ ቀጣሪው ደግሞ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ይኸው አዋጅ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ስለፈቀደ፣ ምሩቁን ዱሮ አንድ ጠበቃ ብቻውን «እንደውልልሃለን» ይለው የነበረውን ዛሬ በማኅተም ሊሉት ችለዋል።

ሰፈሩ ልምድ አይጠይቅም። የእድሩ ሰብሳቢ «ዳኛ» ስለሚባሉ፣ ምሩቁ የሚቀርብበት የመጀመሪያ ችሎት የእድሩ ቤት ነው። ወዲያውኑ ጸሐፊ ተደርጎ ይመረጣልና መተዳደሪያ ደንቡን እንዲያሻሽል ይታዘዛል። ሌሊቱን አምሽቶ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል»ን አምጥቶ፣ ከነንዑስ አንቀጹ ከቀብር ለቀረ አባል ያዋቅረዋል። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ያነቡና፣ «ልጄ፣ የቀረ ይቀጣል በል» ይላሉ። ከዚህ የተሻለ የሕግ አረቃቅ ትምህርት የሚሰጥ ፋኩልቲ የዚህ ምልከታ አቅራቢ አያውቅም።

ምክክሩ የሚጀምረው ንፍሮ ሲዞር ነው። መክፈቻው አይለወጥም፦ «ልጄ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅህ።» አንዲቷ ነገር ሁልጊዜ ቤት ናት፤ በመንደር ውል፣ በሁለት ጎረቤት ምስክርነት፣ ውልና ማስረጃ ሳይደርስ የተሸጠች ቤት። ምሩቁ ዐይኑ ይበራል። ቁጥር 1723 እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ማዘዙን፣ የሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ መያዙን፣ በኋላ በወጣ ውሳኔ ግን ሻጩ ሽያጩን ካልካደ ውሉ በዚህ ብቻ እንደማይፈርስ መባሉን ያስረዳል። ሽማግሌው በጥሞና ሰምተው ንፍሯቸውን ዋጥ ያደርጉና ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃሉ፦

«ታዲያ አልሸጥኩም ብል ይሻለኛል?»

ምሩቁ ሻጩ እሳቸው መሆናቸውን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ገዢው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ተቀምጧል።

ስለ ክፍያ የተገኘው መረጃ አነስተኛ ነው። የ1992ቱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። የቤቴል ምሩቅ፣ ገና ፈቃድ ሳያወጣ፣ ይህን ከቀብር እስከ ሠልስት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። ዝምድናም እንዲሁ ይሰፋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሰው ያለ ክፍያ ለቅርብ ዘመዱ ችሎት እንዲቆም ይፈቅዳል፤ ይህን የሰሙ ጎረቤት «እኔስ እናትህ አይደለሁ? ማን አዝሎ አሳደገህ?» ብለው ልደታ ድረስ ሊያስከትሉት ይነሳሉ። ማዘልን ሕጉ አልዘረዘረም። ምሩቁ ይህን ለማስረዳት ሲሞክር እናቱ ከማጀት ሆነው ያቋርጡታል፦ «ዝም በል! እውነታቸውን ነው።»

በመጨረሻ ምልከታው ወደ ገንዘቡ ጥያቄ ይመጣል፤ የምሩቁ እናት ማታ ማታ የሚያነሱትም እሱኑ ነው። ድንኳን ውስጥ የተመከረ ጉዳይ አንዳንዴ ይከርራል፣ ክስ ይከፈታል፣ መጥሪያ ይደርሳል፣ ሽማግሌውም ከባንክ ገንዘብ ያወጣሉ። ያን ጊዜ ስልክ ይደወላል። ምሩቁ ደብተሩን አውጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ያነሳዋል።

«አቤት ጋሼ!»

«ልጄ፣ ተባረክ፣ ያን ቀን ብዙ ነገር አሳየኸኝ። ለመሆኑ ጎበዝ ጠበቃ የምታውቀው አለ?»