ውታፍ ነቃይ

በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ከወልዲያ ወደ መርሳ ቁልቁል ስወርድ ደረቴ ነፋ ብሎ ነበር። ነፋሱ ብቻ አይደለም የነፋው። በዚያው ጠዋት በገዛ እጄ አንድ ጥገና አከናውኜ ነበርና ነው።

ጥገናው እንዲህ ነው። የምነዳት ሞተር ሳይክል የመሥሪያ ቤቴ ንብረት የሆነች አሮጌ ዲቲ ናት። የቤንዚን ጋኗ ክዳን ጎሚኒው አርጅቶ ስለተሰነጣጠቀ፣ ጉድጓድ በዘለልን ቁጥር ቤንዚን እየተፈናጠረ ጭኔ ላይ ያርፋል። ቤንዚን ጭን ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ያቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ ያቃጥላል፤ በመጨረሻም ስብሰባ ላይ ከጎን የተቀመጠውን ሰው ወንበር ያስቀይራል። ስለዚህ ጋኗን ሞልቼ፣ አንዲት ፌስታል አራት ላይ አጣጥፌ አፏ ላይ አነጠፍኩና ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ብነቀንቃት፣ ባዘነብላት ጠብታ የለም። «እንዲህ ነው እንጂ!» አልኩ። አንባቢ ይህቺን ፌስታል ልብ ይበላት፤ እኔ ልብ አላልኳትምና።

ዲቲ በዘሯ የምትታማ አይደለችም። ያማሃ የመጀመሪያዋን ዲቲ-1 ለገበያ ያወጣው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ አስፋልት ለማያውቅ መንገድ ታስባ የተሠራች፣ እግረ ረጅም፣ ክብደቷ ቀላል ነበረች። የእኔዋ ባለ 125 ሲሲ የልጅ ልጅ ናት። ሞተሯ ቱ ስትሮክ ነው፤ ቤንዚኗንና ዘይቷን በየጋኑ ለይታ ትጠጣለች፤ ጭሷ ሰማያዊ፣ ድምጿ የተቆጣ ንብ። የዚያን ቀን ጉዳያችን ሀብሩ ወረዳ ነበር፤ ከመርሳ ወዲያ ግራና በምትባለው ቦታ በኩል የማሽላ ማሳ ማየት። ከወልዲያ መርሳ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ቁርሴን መርሳ» ብዬ ነው የወጣሁት።

ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ድምጿ ሰለለ። ሁለት ሦስቴ አስነጠሰች። ከዚያ ቀጥ።

መርገጫዋን ረገጥኩ፤ ዝም። ደጋግሜ ረገጥኩ፤ እኔ ላቤ መጣ፣ እሷ ዝም። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ተሳፋሪዎቹን እንደጫነ ቆመ። ዕድሜው ሃያ አይሞላም።

«ወንድሜ፣ ቤንዚን አላት?»

«ዛሬ ጠዋት ነው የሞላሁት።»

«አሳየኝ እስቲ።»

ክዳኑን ከፈትኩ። ሙሉ ናት። ልጁ ራሱን ነቀነቀና ከመቀመጫው ሥር ቁልፍ አውጥቶ ካንዴላዋን ፈታ። የካንዴላን ጫፍ ማንበብ እንደ መዳፍ ማንበብ ነው፤ ጥቁርና ቅባታም ከሆነች ዘይት በዝቶባታል ወይም አየር አንሷታል፤ ነጣ ካለች ቤንዚን አንሷት ተቃጥላለች፤ ቡናማ ከሆነች ጤነኛ ናት። የእኔዋ ነጣ ብላ ነበር። ልጁ ግን ነጣ ማለቷን ንጽሕና ነው ብሎ ተረጎመው። በሸሚዙ ጫፍ ወለወላት፣ የኤሌክትሪክ ገመዷ ላይ ሰክቶ ብረቷን ከሞተሩ ራስ ጋር አገናኘና «ርገጥ» አለኝ። ሰማያዊ እሳት ተፈነጠቀ። መልሶ አሰራት። እኔም ፌስታሌን በጥንቃቄ መልሼ ክዳኑን ዘጋሁ። በአንድ ርግጫ ተነሣች!

«ካንዴላ ነው፤ ሁልጊዜም ካንዴላ ነው» አለኝና፣ ለሻይ ብዬ የዘረጋሁለትን ብር ሳያይ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሣ። ሞተሯ ጃፓናዊት ናት፣ ነጂዋ ወሎዬ ነው፣ የአካል ክፍሎቿ ስም ግን በአብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ። ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ ጎማ ሠሪው ጎሚስታ። ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስተውልን ሄዱ። ካንዴላ በቋንቋቸው ሻማ ማለት ነው፤ ማርሚታ ደግሞ ድስት። ስለዚህ ሞተር ቆማ መካኒክ ሲጎነበስባት ያየ ጣሊያን፣ ሰውየው ሻማ እየለኮሰ ድስት የሚያሞቅ ይመስለዋል። እንደዚያ ቀን ከሆነ አልተሳሳተም።

ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል ድምጿ እንደገና ሰለለ፤ አስነጠሰች፤ ቆመች። ከባጃጁ ልጅ ካንዴላ በኋላ የሄድነው ግን ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ይህንንም ልብ ይሏል።

አሁን የቆመልኝ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጎልማሳ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጣለ።

«ምን አደረግክላት?»

«ካንዴላዋን አጸዳን፣ ጋሼ።»

«ማነው ያጸዳው?»

«አንድ የባጃጅ ልጅ።»

«እህ!» አለ። በዚያች «እህ» ውስጥ ስለ ባጃጅ ያለው አመለካከት በሙሉ ነበረበት። «አፈር ነው የጠገበችው። የመንገዱን አቧራ አታይም? ስፖንጇን አምጣ!»

የአየር ማጣሪያዋን ስፖንጅ አወጣን። በእውነትም የሀብሩና የጉባላፍቶ አፈር አንድ ላይ ተቦክቶበታል። በወጉ ማጽዳት ግን እሱ ያውቅበታል፤ ስፖንጅ አይጠመዘዝም፣ ይቀደዳል፤ እየተጨመቀ ነው የሚታጠበው፤ ሲደርቅም ጥቂት ዘይት ይቀባል፣ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነውና። የእሱ ማጠቢያ ቤንዚን ነው። ቤንዚን ከየት ይምጣ? ከጋኗ ነዋ! ክዳኑን ከፈትኩ፤ ፌስታሏን ኪሴ አደረግኳት፤ በተቆረጠ ሃይላንድ ቀዳንለት። ታጠበ፣ ተጨመቀ፣ ዘይት ተቀባ፣ ገባ። ፌስታሏም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በአንድ ርግጫ ተነሣች!

«የባጃጅ ልጅ!» አለ ሹፌሩ እየሳቀ፣ ወደ መኪናው ሲወጣ።

ሲሪንቃን ሳልፍ ማፈር ይገባኝ ነበር። ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት አገር ነው። ግራና-1 የተባለችው የማሽላ ዝርያ የወጣችው ከዚያ ነው። እዚያ አንድን ዘር «ይሻላል» ለማለት፣ ከጎኑ ነባሩን ዘርተው፣ በአንድ ዓይነት አፈርና በአንድ ዓይነት ውኃ፣ በተለያየ ቦታ፣ ዓመት ከዓመት ያወዳድራሉ። አንድ ነገር ይለውጣሉ፣ ሌላው ባለበት ይቆያል። እኔ በግብርና ሙያ እንጀራ የምበላው ሰውዬ ግን ካንዴላ ሲጸዳ «ካንዴላ ነው»፣ ስፖንጅ ሲታጠብ «ስፖንጅ ነው» እያልኩ አጥሩን ታክኬ አለፍኩ።

መርሳ ደረስኩ፤ ቁርሴን በላሁ፤ ወደ ጥርጊያው መንገድ ገባሁ። ግራና ቀኝ ማሽላ ነው፤ ከሰው በላይ ቆሞ ራሱን ደፍቷል። ልጆች ማማ ላይ ሆነው ወፉን በወንጭፍ ያባርራሉ። እዚህ ነው ሦስተኛ ጊዜ ያስነጠሳት። ልጆቹ ከማማቸው ወርደው ከበቡኝ፤ ወፉም ዕድሉን ተጠቀመበት።

ከወዲያ ሁለት ሽማግሎች ይመጣሉ፤ አንዱ መቁጠሪያ የያዙ ሼህ፣ አንዱ ጭራ የያዙ ቄስ። ለሽምግልና አብረው ተጠርተው ኖሮ አንድ ጃንጥላ ነው የተጠለሉት። ወሎ ነውና ማንም አልገረመውም።

«ልጄ፣ ምነው?» አሉ ሼሁ።

«ቆመችብኝ፣ አባባ።»

«ጠጥታለች ወይ?»

«ጠግባለች» ብዬ ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው።

ቄሱ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ከጠገበችማ ለዚያ ነው የምታስቸግርህ። በቅሎም እንዲሁ ናት» አሉ። ሼሁ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ማኑብሪዋን አሳለሙ። እኔ ፌስታሌን መለስኩ። በአንድ ርግጫ ተነሣች!

ልጆቹ አጨበጨቡ። «መምሬ፣ የእርስዎ መስቀል ነው» አሉ ሼሁ። «ኧረ የእርስዎ ዱዓ ነው፣ ሼሁ» አሉ ቄሱ። «የለም፣ የለም፣ መስቀሉ ነው።» «በፍጹም፣ ዱዓው ነው።» ሲገባበዙ ትቻቸው ሄድኩ።

በመንገዴ ሒሳብ ሠራሁ። ያለ ጥገና ስድስት ኪሎ ሜትር፤ በካንዴላ ከዚያ የሚበልጥ፤ በስፖንጅ እስከ መርሳ ማዶ። በምርቃት ደግሞ እነሆ ከሁሉም አልፌ እየሄድኩ ነው። ስለዚህ ከካንዴላ ስፖንጅ፣ ከስፖንጅ ምርቃት ይበልጣል። ቁጥር አይዋሽም፤ የሚዋሸው ደማሪው ነው።

አራተኛዋ መቆም አንዲት እናት ቡና ከሚያፈሉበት ደጃፍ ላይ ሆነች። ጭሱ ይታየኛል፣ ዕጣኑ ይሸተኛል። እኔ ተጎንብሼ ካርቡራቶሩን ለመፍታት ብሎን ስፈልግ እሳቸው ጠሩኝ።

«ተዋት እሷን፤ ትረፍ። ና አቦሉ ደርሷል።»

ገባሁ፤ ቄጠማው ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቱ ቀድሞ ተሰብስቧል፤ ስለ ሞተሬም ተወያይቶ ጨርሷል። አንዱ ባትሪ ነው ይላል፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል። እናት ሲኒውን ደርድረው ጀበናውን አዘነበሉት። ቡናው ጠብ፣ ጠብ፣ ቆመ። ነቀነቁት። ጠብ፣ ቆመ። ወደ ጓዳ ዞረው ልጃቸውን ተጣሩ።

«አንቺ! ውታፉን ምነው እንዲህ ጠቀጠቅሽው? ሳይተነፍስ በየት ይውረድ!»

ከጀበናው አፍ ውታፉን ላላ አደረጉት። ቡናው በጡቱ ዥው ብሎ ወረደ።

እኔ ጀበናውን አየሁ። በበሩ በኩል ሞተሯን አየሁ። እንደገና ጀበናውን አየሁ። ሲኒዬን ሳላነሣ ወጥቼ ክዳኑን ፈታሁት፤ ፌስታሏን ቀስ ብዬ ሳነሣት «ሲጥጥ» አለች። ጋኗ አየር ስባ ነው። ለካ ይህቺን ሲጥታ ጠዋቱን ሙሉ ክዳን በከፈትኩ ቁጥር ስሰማት ኖሬአለሁ፤ የሰላምታ ያህል ሰምቼ ማለፌ ነው እንጂ!

ነገሩ ይህን ያህል ነው። የሞተር ጋን ክዳን ላይ ከመርፌ ቀዳዳ የማትበልጥ መተንፈሻ አለች። ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶሩ ሲወርድ በለቀቀው ቦታ አየር መግባት አለበት። ካልገባ ጋኑ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ቤንዚኑን ወደ ላይ ይይዘዋል። ሞተሯ በጋን ሙሉ ቤንዚን ሥር በጥም ትሞታለች። ክዳኑን ሲከፍቱላት ትተነፍሳለች፤ ሲነኳት ትነሣለች፤ ምስጋናው በዚያች ሰዓት አጠገቧ ለተገኘው ይሆናል። ቤንዚኑ እያነሰ በሄደ ቁጥር ደግሞ ጋኑ ውስጥ ያለው አየር ስለሚበዛ ለመታነቅ ጊዜ ይወስድባታል፤ ከካንዴላ ስፖንጅ፣ ከስፖንጅ ምርቃት የረዘመው በዚህ ምክንያት ነበር። አየር ክብደት እንዳለውና እንደሚጫን ቶሪቼሊ የተባለ ጣሊያናዊ በ1643 (እ.ኤ.አ.) በብርጭቆ ቱቦና በባዜቃ አሳይቷል። ይሄንንም ጣሊያን ነው የተወልን፤ ጋራዥ ድረስ ግን አልደረሰም። የዘይት ቆርቆሮ በሁለት በኩል የሚበሳ ባለ ሱቅ ሁሉ ያውቀዋል። ያማሃ ራሱ መነሻው የሙዚቃ ኦርጋን ነው። ቶራኩሱ ያማሃ በ1887 (እ.ኤ.አ.) የተበላሸ ኦርጋን በመጠገን ነበር የጀመረው፤ ኦርጋን ደግሞ ያለ አየር ድምፅ የለውም። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ አፍ ላይ ፌስታል ወትፌ ነው የከረምኩት።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ምን ነበረች?» አሉ እናት።

«ውታፍ።»

«ማን ወተፈው?»

ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «እኔ» አልኩ።

መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ የሳቁት ሳቅ ማማ ላይ ያሉት ልጆች ሳያስፈልጉት ወፉን በሙሉ አስነሣው። ቶናውንም በረካውንም ጠጥቼ ተመርቄ ወጣሁ። ማሳዬን አይቼ ስመለስ፣ እስከ ወልዲያ አንድ ጊዜም አላስነጠሰችም። ጭኔ ላይ ቤንዚን አረፈ፤ በደስታ ተቀበልኩት። መንገድ ላይ ሁለቱን ሽማግሎች አገኘኋቸውና «እንዴት ሆነችልህ?» ሲሉኝ «በምርቃታችሁ!» አልኳቸው። የዱዓውና የመስቀሉ ግብዣ ገና አላለቀም ነበር፤ እኔ ማነኝና ላቋርጠው?

እንግዲህ ሞተር ያለህ ወዳጄ፣ መንገድ ላይ ብትቆምብህ ካርቡራቶር ለመፍታት አትቸኩል። ክዳኑን ክፈትና ጆሮህን ስጥ። የቤንዚን መዝጊያዋን እይ፤ ከዚያ ካንዴላዋን፤ ከዚያ ማጣሪያዋን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንካ። ከሁሉ በፊት ግን ለመጨረሻ ጊዜ የነካካሃትን ቦታ ተመልከት፤ ብልሽቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትኮራበት ጥገና ሥር ተቀምጧል።

በአገራችን «ውታፍ ነቃይ» ስድብ ነው። በዚያ ቀን ግን ሀብሩ ውስጥ ወታፊው ባለሙያ ተብዬ ደሞዝ የምበላው እኔ ነበርኩ፤ ነቃይዋ ደግሞ ቡና የሚያፈሉት እናት። ጎሚኒው በማግስቱ ወልዲያ ተገዝቶ ገባ። ዋጋው ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም ነበር።