አንድ በሬ ያለው ሰው

ዘንድሮ ምክር እንደ ልብ ነው። በዋግ ኽምራ የደሃና ወረዳ ከተማ በሆነችው አምደወርቅ መብራት በጠፋበት ምሽት እንኳ፣ ስልኩ ውስጥ ጥቂት ቻርጅ የቀረችለት ጎረምሳ ሦስት የቲክቶክ መካሪ ሰምቶ ይተኛል። አንደኛው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥ ይለዋል፤ የደሃና ገበሬ በዚያ ሰዓት ተነሥቶ በሬውን ጭድ ማብላት ከጀመረ ቆይቷልና ይህን እንለፈው። ሁለተኛው ራስህን ውደድ ይላል፤ ይሁን፣ ሳይመከሩም የሚያደርጉት ነው። ጣጣ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፦ «ስሜትህን የሚጎዱ ሰዎችን ከሕይወትህ አስወጣ፣ ቁጥራቸውን ሰርዝ፣ ዞረህም አትይ።» ይህን ምክር ደሃና ውስጥ ሰኔ ላይ በሥራ ያዋለ ገበሬ ኅዳር ላይ የሚያጭደው አያገኝም። ስሜቱን የሚጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው በሬ ያለው ሰው ነዋ!

በዋግ ኽምራ ደጋ ጥንድ በሬ ማሰር ቀላል ነገር አይደለም። መሬቱ ተዳፋትና ጭንጫ ነው፣ ግጦሹም ስስ። የ1977ቱ ድርቅ ስንቱን ጋጣ ባዶ አስቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ የተፈራረቀው ድርቅና ጦርነትም እንደገና የተጠራቀመውን ወስዷል። ስለዚህ አንድ በሬ ያለው፣ አንድ በሬ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ መቀናጆ ማለት ይኸው ነው። ዳለቻው የአንዱ፣ ቦራው የሌላው፤ ዛሬ የእኔ ማሳ፣ ነገ የአንተ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንትርክ ቀረብ ብለው ሲሰሙት የባልና የሚስት ነው የሚመስለው። አንዱ «በሬዬን ውኃ እንኳ ሳያቀምስ ለቀቀብኝ» ይላል። ሌላው «የእሱ ዳለቻ ለወጉ ነው የተጠመደው፣ የሚስበው የእኔ ቦራ ነው» ይላል። ጅራፉም ክስ አለበት፦ ለራሱ በሬ አየር ላይ ብቻ ይጮኻል፣ የሰው በሬ ጀርባ ላይ ግን ያርፋል እየተባለ ይታማል። ኩርፊያው ግንቦትን ሙሉ ይዘልቅ ይሆናል። ሰኔ ሲገባ ግን ዝናቡ ለማንም ኩርፊያ አይጠብቅም። ሰኔ 12፣ ሚካኤል ነውና ሞፈር ባልወጣበት ቀን፣ ከቅዳሴ ሲወጡ አንድ ሽማግሌ «እናንተ ልጆች፣ ምን ሆናችኋል?» ይላቸዋል። ሁለቱም «ኧረ ምንም!» ይላሉ። በማግስቱ ጥማዱ ማሳ ላይ ነው። ይቅርታ የጠየቀ የለም፣ ስሜቱን የተነተነም የለም።

እንግዲህ ምክር ከመቀበል በፊት የመካሪውን በሬ መቁጠር ሳይሻል አይቀርም። ባለ ጥንዱ ሰው «አስወጣው!» ብሎ ይመክራል፤ ጎረቤቱን ቢያስወጣ እሱ የሚቀርበት ፈር የለም። በሬ የሌለውና መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠው ደግሞ «ቻለው፣ ዝም በለው» ይላል፤ አፉን ቢከፍት ድርሻው ከአውድማ ቤቱ እስኪደርስ ይቀልልበታል። የስልኩ ምክር ከመጀመሪያው ጋጣ፣ የአያቶች ምክር ከሁለተኛው ጋጣ የወጣ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ለየቤታቸው ልክ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ መሐል ላይ ያለው ባለ አንድ በሬ ነው። ሌላውን ይፈልገዋል፣ ግን አይለማመጠውም። ከከፋው አዝመራው ሲያልቅ ዳለቻውን ነድቶ ከሌላ ሰው ጋር ይቀናጃል። የሚያቻችላቸው አንዱ ለሌላው ማስፈለጉ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትቶ መሄድ መቻሉም ነው።

«ይኼማ ጥቅም እንጂ ፍቅር አይደለም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ነገር ግን ጥቅም ያልነካው ወዳጅነት ስንት ቀን እንደሚዘልቅ ከሠርግ ማግስት በኋላ ሚዜዎችን መጠየቅ ነው። ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መፈላለግ ያስታርቃል ካልን፣ ባሏ የሚማታ ሴትም ለጎጆዋ ስትል ትቻለው ልንል ነው? አይደለም። በመቀናጆ እያንዳንዱ የራሱ በሬ አለው፤ በትዳር ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም በሬ በአንድ ወገን ነው የሚታሰረው። «ቻይው፣ ትዳር ነው» ብለው የሚመልሷት ሽማግሌዎች የመቀናጆን ግማሹን ብቻ ነው የተማሩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ውሳኔውን ለፍርድ ቤት አድርጎ ለሽማግሌው ማስታረቁን ብቻ ተወለት። በአማራ ክልል ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል፣ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን ይለጠፋል። የዚያች ትንሽ ፎቶግራፍ ዋጋ፣ በእኔ ግምት፣ ስለ ትዕግሥት ከሚሰጥ ምክር ሁሉ ይበልጣል። ከባለ ደብተር ጋር ሲጣሉ ድምፅ ዝቅ ማለቱ አይቀርማ።

በሬ የማይፈታው ነገርም አለ። ከጦርነት በኋላ እንቅልፍ የከዳው ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም ነው፤ ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል መሆኑ ደግሞ ለደሃና ሰው ምን ያህል ሩቅ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ያ ሰው አንድ ጠዋት ከቤቱ ሳይወጣ ቢቀር ቀድሞ የሚያውቀው መቀናጆው ነው። ቢያንስ ስለ በሬው ሲል በሩን ያንኳኳል።

የቀረው በሬ የሌለው ደመወዝተኛ ነው፤ አምደወርቅ ተመድቦ ዝውውር የሚጠብቀው መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ ነርስ። ብዙ ጊዜ የሚከፋው እሱ ነው፤ የምክር ቪዲዮውም ዋና ደንበኛ እሱ ነው። ደመወዙ በየወሩ በባንክ ይገባል፣ ሽሮውን ራሱ ይሠራል፣ ከባልደረባው ጋር ቢኮራረፍ ዓመት ሙሉ አንድም ፈር ሳይታረስ አይቀርበትም፤ ስለዚህ ይኮራረፋል። ለእሱ ያለኝ ሐሳብ ዕቁብ ነው። ዕጣው ያልወጣለት ሰው በየሳምንቱ ሰላምታው ይሞቃል፣ የሌላው ጤንነት ያሳስበዋል፣ ሳል እንኳ ሲሰማ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ይላል። እርግጥ ነው፣ ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ሰው ከዚያ በኋላ ትንሽ መቀዝቀዙ አይቀርም። የዕቁብ ዳኛ ይህን ስለሚያውቅ ስለ ፀባይ አንዲት ቃል አይመክርም፤ ብሩን ከማስረከቡ በፊት ዋስ ጥራ ይለዋል።