ደግ ሰው አይጥን እንዴት ያስወግዳል? ለአዲስ አበባ መሪ ሰፈር ነዋሪዎች የተዘጋጀ ምክር

ውድ የመሪ ነዋሪ፣ በመጀመሪያ አይዞዎት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮርኒሱ ውስጥ የሚሮጠው ሌባ አይደለም። አይጥ ናት። ኮርኒስዎ ከማዳበሪያ የተሰፋ ከሆነ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ በተራመደች ቁጥር ላስቲኩ ጎድጎድ፣ ጎድጎድ እያለ መንገዷን ያሳይዎታል። ጂፕሰም ከሆነ መስማት ብቻ ነው፤ ኑሮ ሲሻሻል የሚቀር ነገር አለ።

እርስዎ ደግ ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ። ጉንዳን እንኳ ረግጠው አያልፉም። ለፋሲካው ዶሮ ቢላዋ የሳሉት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በዓል ነው። አሁን የሚፈልጉት አይጧ እንድትጠፋ፣ ደግነትዎም እንዳይጠፋ ነው። ሁለቱም ይቻላል። ቀስ ብለው ይከተሉኝ።

1. ዘዴ ከመምረጥዎ በፊት ራስዎን ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ስትሞት ይሰማኛል? ስትሞት ይታየኛል? ከሞተች በኋላ ይሸተኛል? ለሦስቱም መልስዎ «የለም» ከሆነ ዘዴው ርኅራኄ የተሞላበት ነው፤ ይግፉበት። አይጧ ስንት ሰዓት ትሠቃያለች የሚል አራተኛ ጥያቄ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እርስዎ አይጨምሩ። ስሌቱ ይወሳሰባል።

2. የእንጨት ወጥመድ አይግዙ። ያንን ባለ ሽቦና ባለ ሞላ ማለቴ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሁከር እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፤ መለወጥም አላስፈለገውም። በደንብ ከተጠመደ ብረቱ አንገቷ ላይ ያርፋል፤ ነገሩ በዓይን ጥቅሻ ያበቃል። ባለሙያዎች ግድያው የግድ ከሆነ ከመርዝም ከማጣበቂያም ይህን ይመርጣሉ። ባለሙያዎቹ ግን እርስዎ መኝታ ቤት አያድሩም። ወጥመዱ «ጧ!» ይላል። ያ «ጧ» እንቅልፍዎን ቀምቶ ኅሊናዎ ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ደግሞ ዓይኗን እንደከፈተች ያገኟታል። ሁለት ጥያቄ ወደቀ። ጭካኔ ነው።

(የግድ ካጠመዱ አይብ አያባክኑ። አይጥ ከአይብ ይልቅ ጥራጥሬና ለውዝ ትወዳለች። የለውዝ ቅቤ በጣትዎ ጫፍ ቀባ ያድርጉበት። በሁዳዴም ያገለግላል፤ ጾሟን ሳትፈታ ትሄዳለች።)

3. መርዝ ይግዙ። ፍለጋ አይውጡ፤ እሱ ራሱ ይመጣል። በሜጋፎን የተቀዳ ድምፅ ይዞ የሚዞረውን ልጅ ያውቁታል፤ «የአይጥ! የበረሮ! የትኋን! የቁንጫ!» የሚለውን። ሲጠይቁት «በልታ ውጭ ወጥታ ነው የምትሞተው፣ አትሸትም!» ይልዎታል። ይመኑት። አይጧ ይህን ውል አልፈረመችም፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትሞተው እዚያው ጎጆዋ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወይም ከኮርኒሱ በላይ ነው። ልጁ ግን በዚያን ጊዜ ሰሚት ደርሷል።

መርዙን ማክበር ያስፈልጋል፤ ታሪክ አለው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መርዞች አንጋፋ ዋርፋሪን ይባላል። ነገሩ የተጀመረው በሰሜን አሜሪካ ከብቶች ነው። የሻገተ መኖ በልተው ደማቸው አልረጋ እያለ ሲያልቁ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው አገኙ። ከዚያ የተገኘው ቅመም እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ለሰው መድኃኒት ሆነ። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመለት ወገናችን ዛሬም በየቀኑ ይውጠዋል፤ በሐኪም ክትትልና በተደጋጋሚ የደም ምርመራ። አይጧ የጎደላት ክትትሉ ብቻ ነው።

የመርዙ ትልቁ ጸጋ አለመቸኮሉ ነው። ዛሬ ትበላለች፤ ምንም አይሰማትም። ነገም መጥታ ትበላለች። ከዚያ ውስጥ ውስጧን እየደማች ከ3 እስከ 7 ቀን ገደማ ትቆያለች። እንዲህ የዘገየው በስህተት አይደለም፤ ወዲያው የሚገድል ቢሆን የተረፉት ይጠረጥሩና አይነኩትም ነበር። እርስዎ በዚያ ሳምንት ሥራ ይውላሉ፤ ቅዳሜ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ እሑድ ዕድር ይሰበሰባሉ። አይሰማም። አይታይም። ሦስተኛውን ጥያቄ በዕጣን ያልፉታል።

ከረጢቱ ላይ የመርዙ ስም ካልተጻፈ አይጨነቁ። ምናልባት የጎረቤት ሕፃን ቀምሶት ሆስፒታል ቢሮጡ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት መርዝ ነበር?» ብሎ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ከሆነ ማርከሻው ቫይታሚን ኬ ነው። ዚንክ ፎስፋይድ ከሆነ ማርከሻ የለውም። እርስዎ «የአይጥ» ብለው ይመልሱ። አልዋሹም።

4. ድመት ያምጡ፤ ግን ከመርዙ በኋላ ይሁን። መርዝ የበላች አይጥ ትዝላለች፤ በቀን ብርሃን እየተንገዳገደች ትወጣለች። ለድመት እንዲህ ያለ ቀላል ምሳ የለም። ድመቷ ከአይጧ ሆድ የተረፈውን መርዝ ትወርሳለች፤ አንዳንዶቹ አዳዲስ መርዞች በጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያሉና ውርሱ የማይናቅ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ድመቷ ስትሞት አይጦቹ ይበዛሉ። አይጦቹ ሲበዙ መርዝ ይገዛሉ። ልጁም ከነሜጋፎኑ ሰፈሩን አይለቅም።

ጉጉትም አለች። ከየካ ተራራ ወርዳ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ ስትለቅም ታድራለች፤ ደመወዝ አትጠይቅም፤ ለእረፍት አትሄድም። ጣራዎ ላይ ስትጮኽ ግን በድንጋይ ያባሯት። ሞት ትጠራለች ይባላል። እውነት ነው፤ የአይጥን።

5. ሠራተኛ ካለችዎት ማጣበቂያውን ይሞክሩ። እንደ ደብተር የሚከፈት ካርቶን ነው፤ ውስጡ ሙጫ ተቀብቷል። መሐሉ ላይ ቁራሽ ዳቦ ያስቀምጡ፤ ከምድጃው ሥር ያንሸራቱት፤ ይተኙ። አይጧ በአንድ እግሯ ትገባለች። ያንን ለማስለቀቅ ሌላውን ትተክላለች። ከዚያ በደረቷ ትተኛለች፤ ከዚያ በጉንጯ። ጠዋት ሲነጋ አሁንም ትተነፍሳለች፤ በዙሪያዋ የራሷ ፀጉር ተነቅሎ ሙጫው ላይ ተለጥፏል። በምግብ ዘይት ቢያሹት ሙጫው ይለቃል፤ አይጧም ነፃ ትወጣለች። የዘይትን ዋጋ ግን እርስዎም ያውቁታል።

ኒውዚላንድ ይህን ዕቃ ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት ከልክላለች። እንግሊዝም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ያስቀመጠውን ትቀጣለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የወንጀል ሕግም እንስሳን ያለ አግባብ ማሠቃየትን ይከለክላል፤ ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ለጋሪ ፈረስ ነው ብለው ይጽናኑ።

እርስዎ ካርቶኑን አይመልከቱ፤ ልብዎ ስስ ነው። ከመኝታ ቤት ሳይወጡ «ነይ እስቲ ይቺን ነገር አውጪልኝ» ይበሉ። «ይቺ ነገር» ማለት ጥሩ ነው፤ ዝርዝር አያስፈልግም። ልጅቷ በፌስታል ትጠቀልላታለች፤ ወደ ውጭ ትወስዳታለች። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገች አይጠይቁ፤ ዛሬም እንደ ትናንቱ ቁርስ ታቀርባለች። የእሷ ልብ ስስ ይሁን ወፍራም በቅጥሩ ጊዜ አልተጠየቀችም።

6. ይህ ሁሉ ከከበደዎት ከደግም ደግ ነዎት ማለት ነው። ሳይገድሉ ያስፍሯት።

በሕይወት የሚይዝ የሽቦ ሳጥን ይግዙ። በየጥቂት ሰዓቱ ይፈትሹት የሚባለውን ሰምተው ይሆናል፤ ተዘግታ ያደረች አይጥ በብርድ፣ በረሃብና በድንጋጤ ትሞታለችና። ግን ሥራ አለብዎት። ዓርብ ማታ አጥምደው ለመዝናናት ቢሾፍቱ ቢወርዱ፣ ሰኞ የሚያገኙት ሳትገደል የሞተች አይጥ ነው። ከእርስዎ ጋር የሚያነካካት ምንም የለም።

በሕይወት ከተገኘች ከአጥሩ ማዶ አይልቀቋት። ጥቂት መቶ ሜትር ለእሷ ሩቅ አይደለም፤ እርስዎ ሳጥኑን አጥበው ሳይጨርሱ ልትመለስ ትችላለች። ካልተመለሰችም ጎረቤት ቤት ናት፤ ጎረቤትዎም ደግ ሰው ነው፤ እሱም የሽቦ ሳጥን አለው። በባቡር ወስደው አያት ላይ የሚያራግፉም አሉ። የአያት ሰዎች ወደየት እንደሚያራግፉ አይመራመሩ።

የሚሻለው እንጦጦ ነው። በመገናኛ፣ በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳ አድርገው ሽቅብ ይውጡ። አየሩ ንጹሕ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ያማረ ፓርክ አለው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንሽ ይበርዳል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ያንን ብርድና የማገዶ ችግር ትተው ወደ ፍልውሃ የወረዱት በ1879 ዓ.ም. ነበር። እነሱ ካባ፣ ድንኳንና ሠራዊት ነበራቸው። እርስዎ የያዟት 20 ግራም ገደማ ትመዝናለች።

የቤት አይጥ ስሟ እንደሚለው የቤት ናት። ሰው እህል ማከማቸት ከጀመረ አንሥቶ ለሺህ ዓመታት ከጎተራው አልተለየችም። ባሕር ዛፍ ሥር ጤፍ አይገኝም። ቀዳዳውን፣ ውኃውን፣ መሸሸጊያውን አታውቅም። ጭላቱ ግን ያውቃል። እርስዎ እዚያ አይቆዩ። መሞቷ አይቀርም፤ የምትሞተው ግን ከእርስዎ ከተለየች በኋላ ነው። ይህቺ ልዩነት ለእንቅልፍ ትጠቅማለች።

ሥነ ሥርዓቱ ለእርስዎ አዲስ አይደለም፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነዋሪ ለልማት ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ጠርዝ ሲጓዝ አይተውታል። ተነሺዋን አስቀድመው አያማክሩ። የሚሻል ቦታ ተዘጋጅቶልሻል ይበሏት። መሠረተ ልማቱ በሂደት ላይ ነው ይበሏት። ሳጥኑን ሲከፍቱ ፎቶ ይነሡ፤ ያለ ፎቶ ማስፈር አይሟላም። ከዚያ ተመልሰው አይጎብኟት። ሰፍራለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ ፎቶውን ያሳዩ።

7. በሶኬት የሚሰካውን፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ያወጣል የሚባለውን መሣሪያም መግዛት ይችላሉ። አይጦቹ በጥቂት ቀን ይለምዱታል። መብራት ሲጠፋም ያርፋሉ።

8. በመጨረሻ አንድ የማልመክረው ነገር አለ። የምጠቅሰው እንዳይሳሳቱ ብዬ ነው።

አንዳንድ ሰዎች አይጧን ትተው ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ፣ ማለትም እርሳስ በሚገባበት፣ ትሾልካለች። እነዚህ ሰዎች በእጅ ባትሪ ይንበረከካሉ። የውኃው ቱቦ ግድግዳውን የሚበሳበትን፣ የበሩን ታች፣ ብሎኬቱ ያልተለሰነበትን ይዳስሳሉ። የብረት ድስት መፈተጊያ ሽቦ ይወትፉበትና በስሚንቶ ይደፍኑታል፤ ሽቦውን ማኘክ አትችልምና። ከዚያ ዕቃ ቤት ይገባሉ። የጤፉን ማዳበሪያ ከግድግዳው ፈቀቅ ሲያደርጉት ከታችኛው ማዕዘን በቀጭኑ ይፈስሳል፤ ወለሉ ላይ ትንሽ የጤፍ ክምር፣ በክምሩ ላይ ጥቋቁር ፍሬ የሚመስል ፋንድያ። ጤፉን ክዳን ወዳለው በርሜል ይገለብጡታል። ማታ ትራፊ ገበታ ላይ አያሳድሩም። ቆሻሻውን በጊዜው ያወጣሉ።

የዚህ ዘዴ ጉድለት ብዙ ነው። ማንም አይሞትም፤ ስለዚህ የሚታዘንለት የለም። ርኅራኄዎን የሚያሳዩበት አጋጣሚ አይሰጥም። ፎቶ አይወጣውም። ጉልበት ያቆሽሻል። ሠራተኛዋን ልከው አያመልጡም፤ ቀዳዳው የግድግዳው ነው፣ ግድግዳውም የእርስዎ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብቻዎን አይጨርሱትም። ኮርኒሱ ከጎረቤት ጋር ይገናኛል። የፍሳሽ ቱቦው የጋራ ነው። የቆሻሻው ገንዳ የጋራ ነው፤ ክዳኑ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ማን ያሠራው የሚለው ጉዳይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። ያም ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ለሚቀጥለው ተላልፏል።

አይጥ ባረገዘች በ3 ሳምንት ትወልዳለች። የብሎካችሁ ስብሰባ በወር አንዴ ነው። እባክዎ በሰዓቱ ይገኙ።