ጌይን አዟሪዎች፦ ምደባና ባሕርይ

በአዲስ አበባ ሚኒባሶች የኋላ ወንበር ሥር የምትኖረውን የስፒከር ሳጥን ሕዝቡ በአጭሩ «ቤዝ» ይላታል። አጠገቧ የተወተፈው አምፕሊፋየር ላይ «ጌይን» የምትባል፣ በካቻቢቴ የምትዞር ትንሽ ማዞሪያ አለች። ይህ ጥናት አዟሪዎቿን ይመለከታል። በሦስት ይከፈላሉ፦ መጣኝ፣ ገማች እና ጨራሽ።

መጣኙ ጌይን ድምፅ መጨመሪያ ሳትሆን አምፕሊፋየሩን ከመኪናው ቴፕ ቮልት ጋር ማስማሚያ መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ቤዝ ቡስቱን ያጠፋል፤ ጌይኗን እስከ ታች ይቀንሳል፤ የቤዟን ሽቦ ይነቅላል፤ ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርጎ የ50 ኸርዝ ድምፅ ይለቅበታል። ከዚያ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ መውጫው ላይ ይደግናል። የአምፕሊፋየሩ 400 ዋት በቤዟ 4 ኦም ሲባዛ 1600፣ ስኩዌር ሩቱ 40። ቴስተሩ 40 ሲል እጁን ያነሳል። ፊውዙንም ከባትሪው ግማሽ ሜትር ሳይርቅ አስገብቷል። ጤነኛ ሰው ለጥናት አይመችምና እናልፈዋለን።

ገማቹ በጆሮው ይለካል። ጆሮው ቀኑን ሙሉ እዚያው መኪና ውስጥ የዋለ ነው።

ጨራሹ ካቻቢቴው አልዞር እስኪል ያዞራል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል፤ የቤዟ ጥቅል ሽቦ ይግላል፤ የተቃጠለ ሙጫ ይሸታል። ጨራሹ መስኮት ይከፍታል።

ጨራሽን ከሩቅ የሚያሳውቀው በቤዟ የሚንቀጠቀጠው ታርጋው ስለሆነ ታርጋውን ለብቻ መመደብ ግድ ሆኗል። ባለ ሁለት ብሎን ታርጋ ያጉረመርማል። ባለ አንድ ብሎኑ ያጨበጭባል። በሽቦ የታሰረው የራሱ ምርጫ አለው፤ አንዱን ዘፈን በዝምታ ያሳልፍና ሌላው ሲመጣ ከዘፋኙ ቀድሞ ይገባል። ከኋላው የታጠፈ ካርቶን የተጠቀጠቀበት ታርጋ ብርቅ ነው፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ከመኪናው ወርዶ ራሱን እንደሰማ ያመለክታል። ካርቶኑ በክረምት ይረጥባል፤ ታርጋው ወደ ቀደመ መደቡ ይመለሳል።

በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት እናት «ልጄ፣ ልቤን አወረድከው እኮ!» ይላሉ። «ማዘር፣ ተቀንሶ እኮ ነው!» ይባላሉ። ሜክሲኮ ላይ «ወራጅ አለ!» ያለ ሰው ሳር ቤት ይሰማለታል፤ በእግሩ ሲመለስ ታርጋውን ከውጭ የማድመጥ ዕድል ያገኛል።

ምደባው የፈረሰው በረዳቱ ነው። በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቤዟም ታርጋውም ሳይበግሩት፣ «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» ሲል ከሁሉም በላይ ይሰማል። ባትሪ አይፈልግም፣ አይግልም፣ ማዞሪያም አልተገኘበትም።