ባህል ሆይ፣ ባጅህን አሳይ!

ሰሚትን የመሰለ ባህል አክባሪ ሰፈር ከወዴት ይገኛል? ከፔፕሲ እስከ ፍየል ቤት፣ ከሳፋሪ እስከ ፊጋ፣ ወቅቱ ሲደርስ ድንኳን ተተክሎ፣ ጄኔሬተር ተነሥቶ፣ የድምፅ ማጉያው የሦስተኛ ፎቅ መስኮት እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ባህላችን ይከበራል። ከዚያ በኋላ ባህሉ እስከ መጪው ዓመት ያርፋል። ማረፍም ይገባዋል፤ ከሰማንያ በላይ ብሔር ብሔረሰብን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም በአምስት ተወዛዋዥ መሸከም ቀላል ሥራ አይደለም።

ተወዛዋዦቹን መቼም አለማድነቅ አይቻልም። ሦስት ደቂቃ ጎንደሬ ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ሲመለሱ ጉራጌ ሆነዋል። ላባቸው ሳይደርቅ ወላይታ፣ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ሶማሌ። ፈገግታቸው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ ብሔራዊ አንድነት የሚባለው ነገር በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 በቴሌቪዥን ያጠናነው ትምህርት ይኸው ነው፦ ሕዝብ ማለት ልብስ ነው፤ ይለበሳል፣ ይወልቃል፣ ለኪራይ ቤቱ ይመለሳል።

አዘጋጁ ሲበረታ ደግሞ አገር አይበቃውም፤ ባነሩ ላይ «ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ ይጨምርበታል። ስምንት አባላት ያሉት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ኢትዮጵያን በአባልነት ባያውቃትም፣ ሶማሊያ እንኳ በ2016 ዓ.ም. ቀድማን ብትገባም፣ እኛ ምን ገዶን! ለአንዱ ተወዛዋዥ ቀይ የማሳይ ጨርቅ ጣል አድርገን፣ «ጃምቦ!» አስብለን፣ የቀጠናውን ውሕደት በአራት ደቂቃ እንቋጨዋለን። የምሥራቅ አፍሪካ ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ ባላስፈለገ ነበር። ሶማሌው ቦሌ ሚካኤል ሻሂውን እየጠጣ ተቀምጧል። ኤርትራዊው ስደተኛ እዚሁ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ፣ ከግድግዳ ወዲያ ቡናውን እያፈላ ነው። ግን እነሱን መጥራት አደጋ አለው፤ እውነተኛ ጎረቤት ማይክ ሲይዝ ስለ ቤት ኪራይ ሊያነሣ ይችላል።

ትምህርት ቤቶቻችንም ከማንም አያንሱም። ዓመቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አትናገሩ ሲሉ ከርመው፣ አንድ ሐሙስ ማታ በስልክ መልእክት ይልካሉ፦ «ነገ የባህል ቀን ስለሆነ ልጅዎ የባህል ልብስ ለብሶ ይምጣ።» እናት በሌሊት ታክሲ ይዛ ልብስ ፍለጋ ሽሮ ሜዳ አትደርስም። ደግነቱ ቅርብ ያለው ቡቲክ ጥለቱ በማሽን የታተመ ከቻይና የመጣ ቀሚስ አለው። ዋጋው ከዶርዜው ሸማኔ ሥራ ይረክሳል፤ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ስንት ቀን የሚለፋበትን ጥለት ማሽኑ ሳያልበው ያትመዋል። ልጅቷም በነጋታው ለብሳው ቆማ ባህላችንን እንጠብቅ የሚል ግጥም ታነባለች። አማርኛው እንዳይከብዳት በላቲን ፊደል ተጽፎላታል።

ይህ ሁሉ ምስጋና የሚገባው ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከመድረኩ ይልቅ የኮንዶሚኒየማችን ግቢ በር ነው።

ነሐሴ 12 ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ ላይ፣ የሰፈር ልጆች ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያስጠራቸው ኮሚቴ የለም፤ ሎጎ ያለው ቲሸርት አልለበሱም። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «የነዋሪዎች ማኅበሩ ከልክሏል» ይላቸዋል። ለግቢው ጸጥታ ሥጋት ናቸዋ! ልጆቹ ወደ መንገድ ወጥተው ለመኪና መስተዋት ይጨፍራሉ። ያው ግቢ፣ ያው ማኅበር ከጥቂት ወራት በኋላ በባህል ቀኑ ከፍሎ ሆያ ሆዬን ያስመጣል። ጢም ያወጡ ሰዎች ቁምጣ ለብሰው፣ ማይክ ጉንጫቸው ላይ ለጥፈው፣ በጭስ ማሽን መካከል ሙልሙል ይለምናሉ። ነዋሪው በስልኩ እየቀረጸ «ልጅነቴ!» ብሎ ያለቅሳል። ልጅነቱን በሩ ላይ አባርሮት እንደነበር የሚያስታውሰው የለም።

የሆያ ሆዬ ጥበቡ እኮ ያለው አውራጁ አፍ ላይ ነው። ባለቤቱን አይቶ፣ ደጁን አይቶ፣ የሚሰጠውን ለክቶ እዚያው ይገጥማል። ለቸሩ ምርቃት አለው፤ ለቋጣሪው ደግሞ ሳቅ የተቀባች ስድብ። መድረክ ላይ ባለቤት የለም፣ ስፖንሰር እንጂ። ስለዚህ የኪራዩ አውራጅ የባንኩን የቁጠባ ሒሳብ ያወድሳል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል ነበር፤ እኛ አጥሩን አጠንክረን ባለቤቱን ናቅን።

ላሊበሎችማ ጉዳያቸው አበቃ። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ቆመው በዜማ የሚለምኑ፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት አጣርተው ግጥማቸው ውስጥ የሚያስገቡ፣ ዜማውን ከተዉ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ የሚባልላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ ወደ አራተኛ ፎቅ በምን ይዝለቁ? «ከማን ጋር ቀጠሮ አላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ተጎጂዎቹ ደግሞ እኛ መስለናል፤ «በሌሊት ይረብሹናል» እንላለን፣ ከፌስቲቫላችን ጄኔሬተር ጎን ቆመን።

በየብሎኩ መካከል የተሠራውስ የጋራ ቤት? እርዱ፣ መጋገሩ፣ ልቅሶውና ድግሱ እንዲስተናገድበት የታሰበ ነበር። በስንቱ ቦታ ተከራይቶ ሱቅ ሆነ! እኛም የባህል ቀን ሲደርስ «የአብሮነት እሴታችን» የሚል ባነር ግድግዳው ላይ እንሰቅልለታለን።

መድረክ በራሱ ኃጢአት የለበትም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ትውልደ ግብፃዊው አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲመሠርት፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ ሲመራው፣ መሰንቆና ክራር፣ ዋሽንትና በገና ከየባለሙያቸው ጋር አንድ ላይ ተቀምጠው ተለማምደዋል። ያ መድረክ ባለሙያ ያሳድር ነበር፤ የእኛ ግን ባለሙያውን ከቤቱ ካስወጣን በኋላ ፎቶ የምናነሣበት ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ከጥቂት ቀሪ አዝማሪ ቤቶቿ አንዱ የነበረው ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። አይክፋችሁ፤ አዝማሪ ያማራችሁ እንደሆነ በሚቀጥለው ፌስቲቫል በክብር እንግዳው ንግግርና በዕጣው መካከል አምስት ደቂቃ ተመድቦለታል። የክብር እንግዳው ከዘገዩ ሦስት ይሆናል።

ዩኔስኮም እንደኛ አልገባውም። መስቀልን በ2006፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2008፣ ገዳን በ2009፣ ጥምቀትን በ2012፣ የሐረሩን ሸዋል ዒድ በ2016 ዓ.ም. ሲመዘግብ፣ ባህሉ የባለቤቱ የማኅበረሰቡ ነው፤ ሕያው የሚሆነውም እየኖረበት ነው ብሎ ነው። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! ሕዝቡ ራሱ ካደረገው ማን ሊያጨበጭብ? ቪአይፒ ወንበሩስ ለማን ሊዘረጋ?

ለአዘጋጆቻችን ግን አንዲት ወጪ ቆጣቢ ሐሳብ ልሰንዝር። በመጪው ነሐሴ 12 ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በሩ ይከፈት። ድንኳን አያሻም፣ ጄኔሬተር አያሻም፣ የልብስ ኪራይ የለም። እርግጥ ሐሳቡ ተቀባይነት እንደማያገኝ አውቃለሁ። ባነር የሚሰቀልበት የለም፤ ሪባን የሚቆርጥም የለም፤ በጀቱም ለማወራረድ አይመችም። ደግሞም አድካሚ ነው፦ ባህልን ለማክበር ኮሚቴ ማቋቋም ይበቃል፤ ባህል ደጅ ሲመጣ ግን ሙልሙል ጋግሮ መጠበቅ ግድ ይላል።