እስክታገባ ድረስ ኑርበት

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኪራይ ውል የሚፈረመው ደላላ ፊት ነው፤ የሚራዘመው ግን ቡና ላይ። አቦል ላይ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ ቶና ላይ ስለ ውኃ ፈረቃ። በረካው ሲደርስ ተከራይ ጉሮሮውን ጠረግ ያደርግና «እትዬ፣ ውላችን እኮ አለቀ» ይላል። የእኔዋ አከራይ መልሳቸው ዝግጁ ነበር፦ «ውይ ልጄ! እኔና አንተ ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልገናል? እስክታገባ ድረስ ኑርበት።»

የማግባት ሐሳብ ስላልነበረኝ፣ ሲሰላ የዘላለም ተከራይ ሆንኩ ማለት ነው።

ያ ዘላለም ክረምቱን እንኳን አላሻገረኝም። እትዬ አንድ ማለዳ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና «ልጄ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ሊገባ ነው፤ ቤቱን ለእሱ ፈለግሁት» አሉኝ።

ይህን ወንድም የማያውቀው ተከራይ የለም። በየሰፈሩ ቤት ያስለቅቃል፤ ሻንጣውን ግን ያየለት የለም። ሁልጊዜ እየመጣ ነው፤ ቦሌ አርፎ አያውቅም። እሱ ይገባበታል በተባለው ቤት በወሩ ሌላ ተከራይ ፍራሹን ተሸክሞ ይገባል፤ ኪራዩም ጨምሯል። ምስኪን! እዚያ ዋሽንግተን ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ እዚህ በስሙ ስንት ሰው ሜዳ ላይ እንደወደቀ አልሰማም።

ጠበቃ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። «ቃል ሰጥተውኛል፤ ቡና ያፈላችው ልጅም ሰምታለች» አልኩት።

«አንድ ምስክር አገኘህ» አለኝ እየሳቀ። «ሁለተኛውስ? ጀበናው ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጽሑፍ መሆን አለበት የተባለን ውል ተዋዋዮቹ ፈርመውበት ሁለት ምስክሮች ካላረጋገጡት እንደ ውል አይቆጥረውም፤ ረቂቅ ነው ይለዋል። እንዲህ ያለውን ውል መለወጥም የሚቻለው በዚያው መልክ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመትም አይነስ ብሏል። «ከአዋጁ በፊት ቢሆን ኖሮ ስለ ቃልህ ጥቂት እንከራከር ነበር» አለኝ ወዳጄ፤ «አሁን ግን እትዬ የሰጡህ ምርቃት ነው። አሜን ብለህ ሌላ ቤት ፈልግ።»

እትዬ ወረቀት የሚጠሉት በፍቅር ብቻ አይመስለኝም። ወረዳ የተመዘገበ ውል ለኪራይ ገቢ ግብርም ይታያል። ደግሞ የሚገርመው፣ የቃል ማራዘሚያ በየቀኑ ይረሳል፤ የቃል ጭማሪ ግን አንድም ቀን ተረስቶ አያውቅም። አዋጁ ጭማሪን በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ቢፈቅድም፣ እትዬ በበር ስንጥቅ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ…» ካሉ የሰበር ውሳኔ ያህል ይጸናል። ለዚህኛው ምስክር የጠየቀ የለም።

እናም ውላችሁ ሊያልቅ የቀረበ ተከራዮች፣ አከራያችሁ የቱንም ያህል ቢወዷችሁ በሁለት ምስክር ፊት አስፈርሟቸው፤ ወረዳም ሄዳችሁ አስመዝግቡ። እናንተ አከራዮች ደግሞ በፈጠራችሁ፣ ያንን የአሜሪካ ወንድም አሳርፉት፤ በጣም ደክሞታል።