መቃብሬን ትቼ ወዴት!

በቀደም መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ ከተዋሕዶ የማይወጡት ለምንድን ነው?» ብሎ ድርቅ አለብኝ። የዛሬ ልጅ! «ለምን ወጡ?» ተብሎ የሚጠየቀው የወጣ ሰው ነው እንጂ የተቀመጠ ሰው በምን ዕዳው? ቢሆንም ምክንያት አላጣሁም።

አንደኛ፣ መቃብሬ። ደብሩ ግቢ፣ ከጽዱ ሥር ቦታዬን ለይቻለሁ። ስለ ጽድቁ እንጃ፣ ጽዱ ግን አይቀርብኝም።

ሁለተኛ፣ ሰንበቴዬ። ተራዬ ደርሶ ስንቱን አጠጥቻለሁ፤ የሌላውን ተራ ሳልጠጣ ልውጣ? ጠላ ተጠምቆ እያለ ጥምቀቴን የምክድ ሰው አይደለሁም።

ሦስተኛ፣ የአባቶቼ ሃይማኖት ነው። «እስቲ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ» አለ። ቆጠርኩ። አራተኛው ላይ መሐመድ ሆኑብኝ፤ ሳል ያዘኝ። ወሎ ነዋ! ንጉሥ ሚካኤልስ ቢሆኑ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ድረስ መሐመድ አሊ አልነበሩም?

ቦሩ ሜዳን ካነሳን አራተኛው ምክንያቴ እዚያው ነው። በ1870 ዓ.ም. ሊቃውንቱ በዐፄ ዮሐንስ ፊት ተከራክረው ሁለት ልደት ረታ፣ ሦስት ልደት ተወገዘ። ነገሩ ተዘግቷል፤ እኔ ምን ቤት ነኝና እከፍተዋለሁ? ልጁ ግን «ሁለቱ ልደቶች የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። «የልጄ በጥር፣ የእኔ በሰኔ» አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ ጋስጫ እኮ እዚሁ ቦረና ነው» አለኝ። መች ጠፋኝ! ሄጄ ጸበል ተጠምቄ፣ ፎቶ ተነሥቼ መጥቻለሁ። እሱ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ የዛሬ 600 ዓመት ገደማ መጽሐፈ ምሥጢርን ሲጽፉ አርዮስን፣ ሰባልዮስን፣ ንስጥሮስን አንድ በአንድ እየጠሩ መልስ ሰጥተዋል አለኝ። አባታችን ምነው እንዲህ ደከሙ? «መቃብር አለኝ፣ ሰንበቴ አለኝ» ብለው በአንድ መስመር አይጨርሱትም ነበር?

ልጁን ልሸኘው ስል አንድ ነገር ጨመረብኝ። አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ ሳሉ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው፣ እህል እየፈጩ ያለቅሱ ነበር ይላል ገድላቸው።

እዚህ ላይ እንኳ ረታሁት። እኔ በስልሳ ዘመኔ አልገባኝም ብዬ አንድ ቀን አልቅሼ አላውቅም።